በውጭ አገር የተከፈተ ሂሳብ፦ ሕጋዊው የቱ ነው? ሕገወጡስ?

«ኦፍሾር» ሂሳብ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የተዘረፈ ገንዘብ ነው። ትርጉሙ ግን ባለቤቱ ከሚኖርበት አገር ውጪ የተከፈተ የባንክ ሂሳብ ማለት ብቻ ነው። ሕጋዊነቱን ለመለየት ሁለት ጥያቄ ይበቃል፦ ገንዘቡ ከየት መጣ? ለሚመለከተው መሥሪያ ቤትስ ተነግሯል?

በሁለት አገር የሚሠራ ኩባንያ ለዕቃ አቅራቢው በዶላር ለመክፈል የአገሩ ሕግ በሚፈቅደው መሠረት በውጭ ሂሳብ ቢከፍትና ቢያሳውቅ ጥፋት የለበትም። የኢትዮጵያ ነዋሪ ግን አስቀድሞ የብሔራዊ ባንክን መመሪያ ሊያይ ይገባል።

አንድ ላኪ የ100 ሺህ ዶላር ዕቃ ሸጦ በደረሰኙ ላይ 70 ሺህ ቢጽፍ፣ ቀሪውን 30 ሺህ ዶላር በውጭ ቢያስቀር ነገሩ ሌላ ነው። አገር ምንዛሪዋንም ግብሯንም ታጣለች።

«ማን ያውቃል?» ማለትም አያዋጣም። የስዊዘርላንዱ ዩቢኤስ ባንክ አሜሪካውያን ደንበኞቹ ከግብር እንዲሸሹ መርዳቱን አምኖ እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. 780 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። የደንበኞችንም ስም አሳልፎ ሰጥቷል።

ነገሩ አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችንንም ይነካል። አዲስ አበባ የከፈቱት ሂሳብ ለአሜሪካ መንግሥት የውጭ ሂሳብ ነው። ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ የሆነ ሰው በውጭ ያሉት ሂሳቦች ድምር በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ለግምጃ ቤቱ ማሳወቅ አለበት። ማሳወቁ ብቻውን ግብር አያስከፍልም፤ መደበቁ ግን ከባድ ቅጣት ያስከትላል።