«ከ» እና «ከ»፦ አማርኛ ተናጋሪ ጀማሪዎች የፈረንሳይኛን ማነጻጸሪያ ሲማሩ

ፈረንሳይኛ ሁለት ነገሮችን ሲያነጻጽር ከሁለተኛው ተነጻጻሪ በፊት የሚያስገባው ቃል በአነባበቡ ከአማርኛው መስተዋድድ «ከ» ጋር እጅግ የተቀራረበ ነው። «አስቴር ከዮናስ ትረዝማለች» የሚለው ዐረፍተ ነገር በፈረንሳይኛ «አስቴር ኤ ፕሉ ግራንድ ከ ዮናስ» ይሆናል (በዚህ ጽሑፍ የፈረንሳይኛ ቃላት እንደሚሰሙት በፊደላችን ተጽፈዋል)። ሁለቱ ቃላት የዘር ዝምድና የላቸውም፤ መመሳሰሉ አጋጣሚ ነው። መምህሩም «ከ ያው ከ ነው» ብሎ ለማለፍ ይፈተናል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ይህ አቋራጭ በመጀመሪያው ትምህርት ያተረፈውን በተከታዮቹ ትምህርቶች ያስከፍላል የሚል ነው።

የተከተልነው መንገድ ሮበርት ላዶ እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው መጽሐፉ ያስተዋወቀው ንጽጽራዊ ትንተና ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ስሕተቶች ከሁለቱ ቋንቋዎች ሰዋስው የሚተነበዩ እንጂ ከተማሪዎች ደብተር የተለቀሙ አይደሉም።

ሊዮን ስታሰን እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው የቋንቋዎች ንጽጽር ጥናት፣ ተነጻጻሪውን በመነሻ ቦታ አመልካች የሚገልጹ ቋንቋዎችን ለዚሁ አገልግሎት የተለየ ቃል ካላቸው ቋንቋዎች ለይቷል። አማርኛ ከመጀመሪያዎቹ ወገን ነው፤ «ከጎንደር መጣ» እና «ከዮናስ ይረዝማል» በሚሉት ውስጥ ያለው «ከ» አንድ ነው። የግእዙ «እም»ም እንዲሁ ሁለቱንም ይሠራል። ፈረንሳይኛ ግን ሥራውን ለሁለት ቃላት አከፋፍሏል። መነሻን የሚያመለክተው «ደ» ነው፤ ተነጻጻሪን የሚያስገባው «ከ» ደግሞ «... ብዬ አስባለሁ» በሚለው ዐይነት ዐረፍተ ነገር ጥገኛ ሐረግ የሚያያይዘው ቃል ነው። እንግዲህ የአማርኛው «ከ» በድምፅ የሚመስለው አንዱን፣ በመሠረታዊ ትርጉሙ የሚመስለው ሌላውን ነው።

ችግሩ ገሃድ የሚወጣው ከሁሉ የላቀውን ደረጃ ስናስተምር ነው። «አስቴር ከክፍሉ ተማሪዎች ሁሉ ትረዝማለች» ስንል አማርኛው መዋቅሩን አልለወጠም፤ «ሁሉ»ን ብቻ ጨመረ። ፈረንሳይኛው ግን «አስቴር ኤ ላ ፕሉ ግራንድ ደ ላ ክላስ» ይላል። «ከ ያው ከ ነው» የተባለ ተማሪ እዚህ «ከ ላ ክላስ» ቢል የተማረውን በታማኝነት መተግበሩ ነው። «ከመቶ በላይ መጻሕፍት» ሲልም ትክክለኛው «ፕሉ ደ ሳን ሊቭር» ሆኖ ሳለ በዚያው መንገድ ይስታል።

ለዚህ የሚበጀው የቃል ትርጉም ሳይሆን አንድ ጥያቄ ይመስለኛል፦ የምናነጻጽረው ሰው ወይም ነገር «ከ» ከሚያስገባው ስም ውስጥ ነው ወይስ ከውጭ? አስቴር ከክፍሉ አንዷ ናት፤ ስለዚህ «ደ»። ከዮናስ ግን የተለየች ናት፤ ስለዚህ «ከ»። «ከሌሎቹ ትረዝማለች» ብንልም «ሌሎቹ» የሚለው ቃል እርሷን ስለሚያስወጣ «ፕሉ ግራንድ ከ ሌዞትር» እንላለን። ጥያቄው ቁጥርን አይመለከትም፤ ከቁጥር በፊት ሁልጊዜ «ደ» መሆኑን ለብቻው ማስያዝ ይሻላል።

አማርኛ ንጽጽሩን በግሱ ውስጥ መሸከም መቻሉ ሌላ ወጥመድ ነው። «ትረዝማለች» ላይ «ከዮናስ» ሲታከል ንጽጽሩ ይሟላል፤ «ይበልጥ» ማለት ግዴታ አይደለም። በፈረንሳይኛ «ፕሉ» ከተዘለለ ዐረፍተ ነገሩ ይፈርሳል። በእኩልነት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ «የዮናስን ያህል ረጅም ናት» ስንል አማርኛው «ከ» የለውም፤ ፈረንሳይኛው ግን «ኦሲ ግራንድ ከ ዮናስ» ብሎ «ከ»ን ያቆያል። «ያህል» ከቅጽልም ከስምም ጋር ሲሄድ ፈረንሳይኛ ለቅጽል «ኦሲ»፣ ለስም «ኦታን ደ» ይላል። «የተሻለ»ም እንዲሁ ለሁለት ይከፈላል፤ ለቡናው «ሜዬር»፣ ለአዘፋፈኗ «ሚዮ» ነው።

የ«ፕሉ» አነባበብ የመጽሐፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከተነባቢ በፊት «ፕሉ»፣ ከአናባቢ በፊት «ፕሉዝ» ይባላል። በንግግር የአሉታው «ነ» ብዙ ጊዜ ስለሚዋጥ ማዕድ ላይ «ዣን ቮ ፕሉስ» ያለ እንግዳ ይጨመርለታል፤ «ዣን ቮ ፕሉ» ያለው ግን «ከእንግዲህ አልፈልግም» ማለቱ ስለሆነ ሳህኑ ይነሣል። በጽሑፍ ሁለቱ «ፕሉ»ዎች አንድ ዐይነት ፊደል ስላላቸው ይህን የሚያስተምረው ጆሮ ብቻ ነው።

ስለ ቅደም ተከተሉ፣ «ከ»ን በመጀመሪያው ቀን ማስተማሩ ይቅር አልልም፤ ድምፁ ለማስታወስ ይረዳል። ነገር ግን በዚያው ሳምንት «አስቴር አ ፕሉ ደ ሊቭር ከ ዮናስ» (አስቴር ከዮናስ የበለጡ መጻሕፍት አሏት) የሚለው ዐረፍተ ነገር ሊቀርብ ይገባል። «ደ» እና «ከ» በአንድ ዐረፍተ ነገር ጎን ለጎን ስለሚገኙ፣ የአማርኛው አንድ «ከ» ለሁለቱም እንደማይበቃ ተማሪው ደንቡ ሳይነገረው ያያል። ከዚያ በኋላ ነው «ላ ፕሉ ግራንድ ደ ላ ክላስ» የሚመጣው።