ምክር የለመደ አፍ

ሰው ገበናውን የሚያዋይዎት ከሆነ፣ አንድ ቀን «ጸጋው አለዎት፤ ለምን አይማሩበትም?» የሚል ወዳጅ መምጣቱ አይቀርም። አሜሪካ ለሚኖር የእኛ አገልጋይ መልሱ ብዙ ጊዜ የፓስቶራል ካውንስሊንግ ማስተርስ ነው፤ ሥነ መለኮትም ሥነ ልቦናም አለበት፣ ለቤተ ክርስቲያንም ለእንጀራም ይሆናል ይባላል። ልክ ነው። ወዳጅዎ ያልነገረዎት፣ ትምህርቱ መጀመሪያ የሚፈትነው ያንኑ «ጸጋ» መሆኑን ነው።

ይህ ፈተና የተጀመረው ከሆስፒታል አልጋ ላይ ነው ማለት ይቻላል። አንቶን ቦይሰን የተባለ የፕሬስቢቴሪያን አገልጋይ እ.ኤ.አ. በ1920 አእምሮው ታውኮ ሆስፒታል ገባ። እየመጡ የሚሰብኩት ሰዎች ስለ ሕሙማኑ ችግር ምንም እንደማያውቁ እዚያው ሆኖ ታዘበ። ድኖ በ1924 ማሳቹሴትስ በሚገኘው የዉስተር ስቴት ሆስፒታል ቻፕለን (የሕሙማን መንፈሳዊ አገልጋይ) ሆነ፤ በዓመቱም የሥነ መለኮት ተማሪዎችን ከሕሙማኑ ጋር እንዲውሉ አስገባ።

ከዚያ የተወለደው ክሊኒካል ፓስቶራል ኤጁኬሽን፣ በአጭሩ ሲፒኢ፣ ዛሬ አንዱ ዙር ቢያንስ 400 ሰዓት ይፈጃል። ዋናው ፈተና ቨርባቲም የሚሉት ነው፤ ተማሪው ከሕመምተኛው ክፍል ወጥቶ የተነጋገሩትን በቃሉ እንዳስታወሰው ይጽፋል፣ ዝምታውን ሳይቀር። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ያስቡ፦

ሕመምተኛዋ፦ «ልጄ መምጣት ካቆመ ሰነበተ።»
ተማሪው፦ «አይዞዎት እማማ፣ ሥራ በዝቶበት ይሆናል። እንጸልይ?»
ሕመምተኛዋ፦ «እሺ ልጄ።»

ይህ በጓደኞቹና በአሠልጣኙ ፊት ይነበባል። ልጁ ሥራ እንደበዛበት በምን አወቅህ? ጸሎቱ ያሳረፈው ማንን ነው፣ እርሳቸውን ወይስ አንተን? ማጽናናት ግዴታው ሆኖ ላደገ ሰው ጥያቄው ያማል። እማማ በጨዋ ደንብ በሩን ዘጉ፤ ስለ ልጃቸው ሊሉ የነበረው እዚያው ቀረ።

ሌላው ራስ ምታት የራስዎ ምእመናን ናቸው። የሙያው ሥነ ምግባር አማካሪና ተመካሪ ሌላ ትስስር ባይኖራቸው ይመርጣል። የእኛ ሰው ግን በእቁብ፣ በዝምድና፣ በክርስትና ልጅ የተሳሰረ ነው፤ ማክሰኞ ስለ ትዳራቸው ያለቀሱብዎት ባልና ሚስት እሑድ ቡና ያቀርቡልዎታል። በዚያ ላይ ፈቃድ ያለው አማካሪ በልጅ ላይ ጥቃት መድረሱን ከጠረጠረ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል ማሳወቅ አለበት። ሽማግሌ ልኮ በጓዳ መጨረስ የለም፤ ይህንንም በመጀመሪያው ቀጠሮ መናገር ይገባል።

ፈቃድ ካነሣን ዘንዳ፣ ማስተርስ ሁሉ ወደዚያ አያደርስም። በብዙ ስቴቶች ለፕሮፌሽናል ካውንስለርነት 60 ክሬዲት፣ በተቆጣጣሪ ሥር የሚሠራ ልምምድና ፈተና ይጠየቃል። አጠር ያሉ፣ ለአገልግሎት ብቻ የታሰቡ ፕሮግራሞችም ተመሳሳይ ስም ይዘው ይጠብቁዎታል። የፈለጉት አገልግሎቱን ብቻ ከሆነ ምንም አይሉም፤ ቢሮ ከፍቼ ኢንሹራንስ አስከፍላለሁ ካሉ ግን ጉድ ይሠራዎታል። የሆስፒታል ቻፕለንነት መንገዱ ደግሞ ለብቻው ነው፤ ለሙሉ የምስክር ወረቀት በአብዛኛው አራት ዙር ሲፒኢ ያስፈልጋል።

ስለዚህ የማመልከቻውን ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት «ተመራቂያችሁ እኔ በምኖርበት ስቴት ለፈቃድ ፈተና መቀመጥ ይችላል?» ብለው ይጠይቁ። በስልክ «አዎ» ቢሉዎትም በኢሜይል ይላኩልኝ ይበሉ፤ መልሱንም ከስቴቱ የፈቃድ ቦርድ መመሪያ ጋር ያመሳክሩት።