ላፕቶፕዎን ከቲቪ ሲያገናኙ ምስሉ እንዲስተካከል

ላፕቶፕ በኤችዲኤምአይ ኬብል ቲቪ ላይ ሲሰካ ምስል መምጣቱ ብዙም አያስቸግርም። አስቸጋሪው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ወይ ጽሑፉ ይደበዝዛል፣ ወይ ከታች ያለው ታስክባር ግማሹ ተቆርጦ ይቀራል። የመጀመሪያው በአብዛኛው ከኮምፒውተሩ፣ ሁለተኛው ከቲቪው ሪሞት ነው የሚስተካከለው። ሁለቱን ሳይለዩ ያገኙትን ሴቲንግ ሁሉ መነካካት ትርፉ ድካም ነው።

በቅድሚያ የቲቪዎን ሪዞሉሽን ከካርቶኑ ወይም ከመመሪያው ላይ ይዩ። ፉል ኤችዲ 1920 በ1080፣ ፎርኬ ደግሞ 3840 በ2160 ፒክስል ነው። «ኤችዲ ሬዲ» የሚል የተለጠፈባቸው ባለ 32 ኢንች ቲቪዎች ግን ብዙውን ጊዜ 1366 በ768 ናቸው፤ 1080 ቢቀበሉም አሳንሰው ነው የሚያሳዩት። ከእነዚህ የጠራ ጥቃቅን ፊደል አይጠብቁ።

ኬብሉን ሰክተው በሪሞቱ «ሶርስ» ወይም «ኢንፑት» የሚለውን ይጫኑና የሰኩበትን የኤችዲኤምአይ ቁጥር ይምረጡ። ከዚያ ኪቦርዱ ላይ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትንና «ፒ»ን አብረው ይጫኑ። «ዱፕሊኬት» ላይ ከሆነ ሁለቱም ስክሪኖች አንድ ዓይነት ሪዞሉሽን እንዲይዙ ስለሚገደዱ፣ ደካማው ላፕቶፕ ፉል ኤችዲውን ቲቪ ወደ ራሱ ልክ ያወርደዋል። ለፊልም «ሰከንድ ስክሪን ኦንሊ»፣ ለሥራ «ኤክስቴንድ» ይሻላል።

አሁን ዴስክቶፑ ላይ ራይት ክሊክ አድርገው «ዲስፕሌይ ሴቲንግስ» ይግቡ። ቲቪውን የሚወክለውን ስክሪን ይምረጡና «ዲስፕሌይ ሪዞሉሽን» ላይ «ሬኮመንድድ» የሚለውን ይያዙ። ቲቪው ሲሰካ ልኩን ለኮምፒውተሩ ስለሚናገር፣ ይህ ምርጫ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። ስክሪኑ ከጠቆረም አይደንግጡ፤ ምንም ሳይነኩ 15 ሰከንድ ያህል ቢጠብቁ ወደነበረበት ይመለሳል። ፊደሉ አነሰብኝ ብለው ግን ሪዞሉሽኑን አይቀንሱ፤ «ስኬል» የሚለውን ከፍ ያድርጉ።

ፎርኬ ላይ ማውሱ የሚጎተት ከመሰለዎት «አድቫንስድ ዲስፕሌይ» ውስጥ ሪፍሬሽ ሬቱን ይዩ። ኤችዲኤምአይ 1.4 ያለው ላፕቶፕ ፎርኬን ከ30 ኸርዝ በላይ አይገፋውም። ለፊልም ይበቃል፤ ለሥራ ግን 1080 በ60 ኸርዝ ይመረጣል።

ጠርዙ አሁንም ከተቆረጠ ጥፋቱ የቲቪው ነው። በድሮዎቹ ባለ ጀርባ ቲቪዎች የምስሉ ዳር ስለሚበላሽ ምስሉን ትንሽ ለጥጦ ዳሩን ከፍሬሙ ኋላ መደበቅ የተለመደ ነበር። ዛሬ ምክንያቱ ባይኖርም ልማዱ አልቀረም። የተለጠጠ ምስል ደግሞ ዳሩ ብቻ አይደለም የሚጎድለው፣ ፊደሉም ይደበዝዛል። ስለዚህ በሪሞቱ የ«ፒክቸር» ሜኑ ውስጥ የምስል መጠን የሚለውን ይፈልጉ፤ ኤልጂ ላይ «ጀስት ስካን»፣ ሳምሰንግ ላይ «ስክሪን ፊት» ወይም «ፊት ቱ ስክሪን»፣ ሶኒ ላይ «ፉል ፒክስል» ይባላል። ካጡት የኤችዲኤምአዩን ስም «ፒሲ» ብለው ይቀይሩት፤ ብዙ ቲቪዎች ላይ ይህ ብቻውን መለጠጡን ያስቆማል።

ጥቁር ፊደል ዙሪያ ነጭ ጥላ ካዩ «ሻርፕነስ» ተጋኗልና ይቀንሱት። ለተቆረጠው ጠርዝ በኮምፒውተሩ የግራፊክስ ሶፍትዌር ምስሉን ማሳነስም ይቻላል፤ ጠርዙን ቢመልስም ጥራቱን ስለሚቀንስ ቲቪው እምቢ ሲል ብቻ ይሞክሩት።