የእናትና የልጅ ደም ይቀላቀላልን?

በአንድ የፀረ ኤድስ ክበብ ውይይት ላይ አንድ ልጅ እጁን አወጣና “እናትህ ቫይረሱ ካለባት አንተም አለብህ፤ ደማችሁ አንድ ነው ይሉኛል” አለ። ክፍሉ ፀጥ አለ። ውድ ተማሪዎች፣ እስቲ ይህን አባባል በባዮሎጂ እንመርምረው።

የበግ፣ የላምም ሆነ የሰው ፅንስ ከእናቱ ጋር የሚገናኘው በእትብትና በእንግዴ ልጅ በኩል ነው። ሁለቱ ደሞች በቀጭን ግድግዳ ተለይተው ይፈሳሉ እንጂ እንደ ወንዝ አይቀላቀሉም።

ታዲያ ምን ያልፋል? ውኃ ጨው ወደበዛበት ወገን ይሄዳል። የተከተፈ ቲማቲም ላይ ጨው ነስንሰን ስንቆይ ውኃ የሚያወጣው በዚሁ ኦስሞሲስ በምንለው መንገድ ነው። ካልሲየም ደግሞ ኃይል በሚጠቀሙ አሻጋሪዎች ወደ ፅንሱ ይገፋል፤ አጥንት ይሠራበታላ! ስለዚህ በፅንሱ ደም ውስጥ ያለው መጠን ከእናቱ ይበልጣል።

የግድግዳው ዓይነት ከእንስሳ እንስሳ ይለያያል። በበግና በላም ብዙ ድርብ ስለሆነ ሶዲየም በዝግታ ያልፋል። በሽታ የሚከላከሉት አንቲቦዲዎችማ አያልፉም ማለት ይቻላል። ጥጃ እንደተወለደ እንገር መጥባት ያለበት ለዚህ ነው። በሰው ግን አንቲቦዲ ገና በማኅፀን ሳለ ለልጁ ይደርሰዋል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ! ቫይረሱ ያለባት እናት አንቲቦዲ ለልጇም ይተላለፋል። ስለዚህ አንቲቦዲ የሚፈልገው ምርመራ ነፃ የሆነን ሕፃን ጭምር እስከ 18 ወር ድረስ “አለበት” ሊል ይችላል። ለሕፃናት ቫይረሱን ራሱን የሚፈልግ ምርመራ የሚደረገው በዚህ ምክንያት ነው።

ግድግዳው ቫይረሱንም በአብዛኛው ያግዳል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። ቫይረሱ በእርግዝና፣ በተለይም በምጥና በወሊድ ጊዜ፣ በኋላም በጡት ወተት ሊተላለፍ ይችላል። ምንም ዓይነት ሕክምና ካልተደረገ የመተላለፉ ዕድል ከ15 እስከ 45 በመቶ ነው። ያኔም ቢሆን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ልጆች ያመልጣሉ ማለት ነው። እናት በጊዜ ተመርምራ መድኃኒቷን በአግባቡ ከወሰደች፣ ሕፃኑም የሚገባውን ክትትል ካገኘ ዕድሉ ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል።

እንግዲህ “ደማችሁ አንድ ነው” የሚለው ወሬ ሐሰት ነው። የማንም ልጅ ውጤት የሚታወቀው በራሱ ምርመራ እንጂ በእናቱ አይደለም። ቢኖርበትስ? መድኃኒት አለ፤ ትምህርት ቤትም የእሱ ነው።

የመወያያ ጥያቄ፦ በክፍላችሁ እንዲህ የሚባል ልጅ ቢኖር ምን ትሉለታላችሁ? ለሚሉትስ?