የሰዓት ብዛት ወይስ የሰዓት ዓይነት? የአንዲት አነስተኛ የማስታወቂያ ድርጅት ባለቤት ውሎ በሳይንስ ዓይን ሲታይ

ዓርማ፣ ብሮሹር፣ ባነርና የግድግዳ የቀን መቁጠሪያ ነድፈው ለኅትመት የሚያዘጋጁ አነስተኛ ድርጅቶች በአዲስ አበባ በርካታ ናቸው። ሁለት ወይም ሦስት ሠራተኞች ባሉት በእንዲህ ያለ ድርጅት ባለቤቷ ራሷ ነዳፊ፣ ሒሳብ ያዥ፣ ደንበኛ አፈላላጊና ተላላኪ ናት። ጠዋት ፕሮፎርማ ትሞላለች፤ ረፋዱ ላይ ደንበኛ ታነጋግራለች፤ ከሰዓት በኋላ ማተሚያ ቤት ትሄዳለች፤ ማታ ልጆቿን አስተኝታ ኮምፒዩተሯን ትከፍታለች። ቀኑ አልበቃ ሲላት የምትወስደው መፍትሔ አንድ ነው፤ ከእንቅልፏ ቆርሳ በሥራዋ ላይ ትጨምራለች።

በዚህ ጽሑፍ ይህን ውሎ ከንጋት እስከ ሌሊት ተከትለን፣ በየክፍሉ የሚሠሩትን የሥነ ሕይወት፣ የሥነ ልቡናና የሒሳብ ሕጎች ለመመርመር እንሞክራለን። የምንከተላት ባለሙያ ለትምህርቱ እንዲያመች በምሳሌነት ያቆምናት እንጂ አንዲት የታወቀች ሰው አይደለችም። ጥያቄያችን የሚከተለው ነው፦ በግድግዳ ሰዓት ላይ እኩል የሆኑት 24 ሰዓታት ለአንጎልም እኩል ናቸውን? በጽሑፉ ውስጥ የጠቀስናቸው የቀንና የሌሊት ሰዓታት ሁሉ በአገራችን አቆጣጠር ናቸው።

1. ንጋት፦ በውስጣችን ያለው ሰዓት

ባለሙያዋ ከንጋቱ 12 ሰዓት ትነሣለች። ከመነሣቷ አስቀድሞ ግን ሰውነቷ ለመንቃት መዘጋጀት ጀምሯል፤ የሰውነቷ ሙቀት ከፍ ማለት፣ ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞንም በደሟ ውስጥ መጨመር ይዟል። ይህን የሚመራው ሃይፖታላመስ በተባለው የአንጎል ክፍል የሚገኝና በ20,000 ገደማ የነርቭ ሕዋሳት የተገነባ አነስተኛ ማዕከል ነው። ሰዓቱ በሕዋሳት ውስጥ በጂኖች አማካይነት እንዴት እንደሚሠራ በፍሬ ዝንብ ላይ መርምረው ያሳዩት ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮስባሽና ማይክል ያንግ እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ይህ ሰዓት ከውጭ ምልክት ካላገኘ በትክክል 24 ሰዓት አይሞላም፤ በአብዛኞቹ ሰዎች ከ24 ሰዓት በጥቂት ደቂቃዎች ይረዝማል። ስለዚህ በየዕለቱ መስተካከል ይኖርበታል። ዋነኛው አስተካካይ ብርሃን ነው። በዓይናችን ሬቲና ላይ ምስል ከሚያዩት ሕዋሳት ሌላ፣ ሜላኖፕሲን የተባለ ቀለም የያዙና ይልቁንም ለሰማያዊ ብርሃን የሚነቁ ሕዋሳት አሉ። እነዚህ ሕዋሳት የንጋቱን ብርሃን ለአንጎል ያስተላልፋሉ፤ የውስጡም ሰዓት ይስተካከላል።

አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ በአዲስ አበባ የዓመቱ ረጅምና አጭር ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። የቀኑን ሰዓት ከፀሐይ መውጫ መቁጠር ለእኛ የተመቸውም በዚህ ምክንያት ነው። ባለሙያዋ ልጆቿን ወደ ትምህርት ቤት ስታደርስ በእግሯ የምትሄድባቸው ጥቂት ደቂቃዎች እንደ ባከነ ጊዜ ሊቆጠሩ አይገባም፤ የአካሏን ሰዓት የምታስተካክለው በእነርሱ ነው።

2. ማለዳ፦ የጠባቡ ጠረጴዛ ጉዳይ

ቢሮ የምትደርሰው 2 ሰዓት ላይ ነው። በብዙ ሰዎች ዘንድ ንቃትና የማመዛዘን ችሎታ ከነቁ በኋላ ባሉት ሰዓታት እያደገ ሄዶ ረፋዱ ላይ ከፍ ይላል። እርግጥ ነው፣ በተፈጥሯቸው ማለዳ የሚነቁም ምሽት ላይ የሚነቁም ሰዎች አሉ፤ ሆኖም በየትኛውም ሰው ዘንድ ቢሆን ከፍታውና ዝቅታው አይቀርም።

በዚህ ሰዓት የሚሠራው ሥራ ምን መሆን አለበት? መልሱን ለማግኘት የሥራ ትውስታ የተባለውን የአንጎል ችሎታ ማወቅ ያሻል። የሥራ ትውስታ በአንድ ጊዜ በአእምሯችን ይዘን የምናገላብጠው ነገር የሚቀመጥበት ጠባብ ጠረጴዛ ነው ማለት ይቻላል። ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1956 በታወቀ ጽሑፉ የጠረጴዛውን ስፋት 7 ነገሮች ገደማ ብሎ ነበር፤ ኔልሰን ካወን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 ማስረጃውን ዳግም መርምሮ ወደ 4 ዝቅ አድርጎታል።

አንድ ዓርማ የምትነድፍ ሰው የፊደሉን ቅርጽ፣ የቀለሙን ስምምነት፣ የደንበኛውን ፍላጎትና ዓርማው በትንሽ ማኅተም ላይ ሲያርፍ የሚኖረውን መልክ በአንድነት ማሰብ ይኖርባታል። ጠረጴዛው በእነዚህ ብቻ ሞልቷል። ፕሮፎርማ መሙላትና ደረሰኝ መደርደር ግን በቅጹ ላይ በተጻፈው ተራ የሚከናወኑ በመሆናቸው ያን ያህል ቦታ አይሹም። እንግዲህ ማለዳውን ለፕሮፎርማ፣ ሌሊቱን ለንድፍ የምትሰጥ ከሆነ ውድ የሆነውን ሰዓት በርካሽ ሥራ እየለወጠች ነው።

3. ረፋድ፦ ስልክ ሲደወል የሚቀረው ቅሪት

ንድፉ መሐል ላይ እንደደረሰ ስልክ ይጮኻል። የትናንቱ ባነር አልደረሰም ተብሎ ነው። ንግግሩ ሦስት ደቂቃ ቢፈጅ የጠፋው ጊዜ ሦስት ደቂቃ ብቻ ይመስላል። ሶፊ ሌሮይ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት እንዳሳየችው ግን፣ አንድን ሥራ ሳይጨርስ ወደ ሌላ የተሻገረ ሰው ከትኩረቱ ከፊሉን በፊተኛው ሥራ ላይ ትቶ ይሄዳል። ይህንንም «የትኩረት ቅሪት» ብላ ጠርታዋለች። ቅሪቱ እስኪጠፋ ድረስ ሁለተኛው ሥራ በግማሽ ልብ ይሠራል።

መፍትሔው ስልኩን መዝጋት አይደለም፤ አነስተኛ ድርጅት የሚኖረው በደንበኛ ነውና። ይልቅስ ጥሪዎችን በአንድ ሰዓት ማሰባሰብ ይቻላል። ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ረዳቷ ስልክ ተቀብላ ስምና ጉዳይ ትመዘግባለች፤ ባለሙያዋ ከ5 ሰዓት በኋላ ለሁሉም በተራ ትመልሳለች። ሥራውን ለማቋረጥ ግድ ሲሆንም የደረሰችበትንና ቀጥሎ የምታደርገውን በአንድ መስመር ጽፋ መነሣቷ ቅሪቱን ይቀንሳል።

4. ከምሳ በኋላ፦ የቀዘቀዘው ሰዓትና የመስኮቱ ብርሃን

ከ8 እስከ 9 ሰዓት ገደማ ዓይን ይከብዳል። ብዙዎቻችን ምክንያቱን በእንጀራው ላይ እንለጥፋለን። ከባድ ምሳ ድካሙን ሊያብሰው ቢችልም፣ ምሳ ባልበሉ ሰዎች ላይም የሚታይ በመሆኑ ከአካል ሰዓት ጋር የተያያዘ ነው። በዚህ ሰዓት ከዝቅታው ጋር መታገል ትርፉ ጥቂት ነው፤ እግርን የሚያንቀሳቅስ ሥራ መምረጥ ይሻላል። ወደ ማተሚያ ቤት መሄጃው ጊዜም ይኸው ነው።

ማተሚያ ቤት ስትደርስ የሚጠብቃት የፊዚክስ ጉዳይ ነው። የኮምፒዩተር ማሳያ ቀለም የሚፈጥረው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ደምሮ ነው፤ የኅትመት ቀለም ግን ከወረቀቱ ላይ ከሚንጸባረቀው ብርሃን ከፊሉን ውጦ በመቀነስ ይሠራል። ስለዚህ በማሳያው ላይ የሚያበሩ አንዳንድ ቀለሞች በወረቀት ላይ ጨርሶ አይገኙም። በተጨማሪም በአንድ መብራት ሥር አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት ቀለሞች በሌላ ብርሃን ሲታዩ ሊለያዩ ይችላሉ። ናሙናውን በቀን ብርሃን፣ ከመስኮት አጠገብ መርምሮ ማጽደቅ በሌሊት አምፖል ሥር ከማጽደቅ የሚበልጠው ለዚህ ነው። ሺህ ቅጂ ከታተመ በኋላ የተገኘ ስሕተት የሚከፈለው ከባለቤቷ ኪስ ነው።

በመንገድ ላይ ደግሞ ሌላ ሥራ ሳይታወቅ ይካሄዳል። ግራሃም ዋላስ እ.ኤ.አ. በ1926 የፈጠራ አስተሳሰብን በአራት ደረጃዎች ከፍሎ ነበር፦ ዝግጅት፣ ማብላላት፣ ብልጭታና ማረጋገጥ። ማብላላት ችግሩን ለጊዜው ትቶ ሌላ ነገር ማድረግ ነው። ነገር ግን ዝግጅት የሌለው ማብላላት ፍሬ አይሰጥም፤ ሊጥ ሳይቦካ አይጋገርምና፣ ያልተቦካ ዱቄትም አይቦካም። ጠዋት የታገለችበት ንድፍ በታክሲ ውስጥ ሲፈታላት፣ የፈታው የጠዋቱ ድካም ጭምር ነው።

5. የወረፋ ሒሳብ፦ ሙሉ ቀን ለምን ይዘገያል?

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ዴንማርካዊው የሒሳብ ሊቅ አግነር ኤርላንግ እ.ኤ.አ. በ1909 በኮፐንሃገን የስልክ ጥሪዎችን ሲያጠና ያስጀመረው የወረፋ ጥናት ለዚህ ቢሮም ይሠራል። ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 ያረጋገጠው ሕግ እንዲህ ይላል፦

በቢሮው ያለ ያላለቀ ሥራ ብዛት = የሥራ አገባብ ፍጥነት × አንድ ሥራ በቢሮው የሚቆይበት አማካይ ጊዜ

በሳምንት በአማካይ 3 ሥራ የሚገባ ከሆነና 12 ያላለቁ ሥራዎች ካሉ፣ አንድ ሥራ በአማካይ 12 ÷ 3 = 4 ሳምንት ይቆያል። እንግዲህ ለደንበኛው «በሁለት ሳምንት ይደርሳል» ብላ ቀብድ የተቀበለች እንደሆነ ቃሏ በሒሳቡ አይደገፍም። ቃሏን ለመጠበቅ ያላለቁት ሥራዎች ከ6 መብለጥ የለባቸውም።

ሁለተኛው ነጥብ የበለጠ ያስገርማል። ሥራዎች ያለ ቀጠሮ የሚመጡ፣ የሚፈጁትም ጊዜ የሚለያይ ሲሆን፣ በቀላሉ የአንድ ሠራተኛ ወረፋ ስሌት መሠረት አማካዩ የቆይታ ጊዜ የሥራው ርዝመት ለ(1 − ጫና) ሲካፈል ይገኛል። ጫና ማለት ካላት የሥራ ጊዜ በሥራ የተያዘው ድርሻ ነው። አንድ ሥራ በአማካይ 1 ቀን የሚፈጅ ከሆነ፦

ጫና 0.5 ሲሆን ቆይታው 2 ቀን፤
ጫና 0.8 ሲሆን ቆይታው 5 ቀን፤
ጫና 0.9 ሲሆን ቆይታው 10 ቀን፤
ጫና 0.95 ሲሆን ቆይታው 20 ቀን ይሆናል።

ከ0.9 ወደ 0.95 ስትሻገር የጨመረችው ሥራ ጥቂት ነው፤ የደንበኛው መጠበቂያ ግን እጥፍ ሆነ። ለዘመን መለወጫ የቀን መቁጠሪያና የመልካም ምኞት ካርድ በሚታዘዝበት በነሐሴ ወር ብዙ ቢሮዎች የሚጨናነቁት በዚህ ሕግ ነው። ክፍት የተተወ ሰዓት እንግዲህ ስንፍና አይደለም፤ ያልታሰበው ሥራ ሲመጣ የሚያርፍበት ቦታ ነው።

በዚህ ስሌት ውስጥ የቤት ሥራም መግባት አለበት። ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2013 ያካሄደው የጊዜ አጠቃቀም ጥናት በአገራችን ሴቶች ክፍያ በሌለው የቤት ውስጥ ሥራ ላይ ከወንዶች እጅግ የበለጠ ጊዜ እንደሚያሳልፉ አሳይቷል። በቢሮ ጫናዋ 0.8 የሆነ ሴት፣ ምግብ ማብሰሉና ልጅ ማስጠናቱ ሲደመር ከ0.95 ልታልፍ ትችላለች። ቤተሰቡ ሥራውን ሲከፋፈል የሚሰጣት ዕረፍትን ብቻ አይደለም፤ የድርጅቷን የማስረከቢያ ቀንም ያሳጥራል።

6. ሌሊት፦ ከእንቅልፍ የተበደረ ሰዓት

ነቅተን በቆየን መጠን አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር በአንጎል ውስጥ ይከማቻል፤ የእንቅልፍ ፍላጎትም ያድጋል። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን የአዴኖሲንን መቀበያዎች ይዘጋል እንጂ አዴኖሲኑን አያጠፋም። ዕዳው አልተከፈለም፤ ደብዳቤው ነው የተደበቀው። የካፌይን ግማሽ ዕድሜ በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ሲሆን በእርግዝና ጊዜ በጣም ይረዝማል። 10 ሰዓት ላይ ከተጠጣው ቡና ግማሹ ካፌይን ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ ሩቡ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ በሰውነት ውስጥ አለ። ከፊት የተደቀነው ብሩህ ማሳያም ሜላቶኒን የተባለውን የሌሊት ሆርሞን ሊያዘገይ ይችላል።

ዳውሰንና ሪድ እ.ኤ.አ. በ1997 እንደለኩት፣ ለ17 ሰዓታት ሳይተኛ የቆየ ሰው የእጅና የዓይን ቅንጅት በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይመሳሰላል። ባለሙያዋ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከተነሣች 17 ሰዓት የሚሞላት ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ነው። የስልክ ቁጥርና የዋጋ አኃዝ የምታርመው በዚያ ሰዓት ከሆነ አደጋው ግልጽ ነው።

ከሁሉ የከፋው ድካሙ ራሱን መደበቁ ነው። ቫን ዶንገንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 እንዳሳዩት፣ ለ14 ቀናት በየሌሊቱ 6 ሰዓትና ከዚያ በታች የተኙ ሰዎች የአእምሮ ብቃታቸው እስከ ሁለት ሌሊት ፈጽሞ እንዳልተኛ ሰው ቢወርድም፣ እነርሱ ግን የጉዳቱን ልክ አልተረዱትም ነበር። በአንጻሩ ቫግነርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድን የቁጥር ችግር ሞክረው ከተኙት ሰዎች መካከል የተሰወረውን አቋራጭ ያገኙት፣ ሳይተኙ ከቆዩት ከእጥፍ በላይ ነበሩ። እንቅልፍ ለፈጠራ ሰው ከሥራው ክፍሎች አንዱ ነው።

ማጠቃለያ

ለጥያቄያችን መልሱ፣ ሰዓታት በአንጎል ዘንድ እኩል አይደሉም የሚል ነው። ባለሙያዋ አንድም ሰዓት ሳትጨምር ውሎዋን እንዲህ ልታደራጀው ትችላለች፦ ማለዳውን ለንድፍ፣ ረፋዱን ለደንበኛ ጥሪ፣ የቀዘቀዘውን የከሰዓት ክፍል ለማተሚያ ቤትና ለናሙና ምርመራ፣ የሥራ መውጫውን ለፕሮፎርማና ለሒሳብ፤ ከ4 ሰዓት በኋላ ያለውን ሌሊት ደግሞ ለእንቅልፍ። ያላለቁ ሥራዎቿን ቆጥራ ከልክ ሲያልፉ ለአዲሱ ደንበኛ ራቅ ያለ ቀን መስጠትም ይጠበቅባታል። ለፈተና የምንዘጋጅ ሁሉ ከዚህ የምንወስደው አለ፤ በሌሊት የተነበበ አንድ ምዕራፍና በማለዳ የተነበበ አንድ ምዕራፍ በገጽ ቁጥር እኩል ቢሆኑም በእውቀት እኩል አይደሉም።

ለመለማመጃ

1. በሳምንት 2 ሥራ የሚገባለት ቢሮ ሥራዎቹን በአማካይ በ3 ሳምንት ለማስረከብ ቢፈልግ፣ ያላለቁት ሥራዎች በአማካይ ከስንት መብለጥ የለባቸውም?
2. አንድ ሥራ በአማካይ 2 ቀን ቢፈጅና ጫናው 0.75 ቢሆን አማካዩ ቆይታ ስንት ቀን ነው?
3. ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ከተጠጣ ቡና ውስጥ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ምን ያህሉ ካፌይን በሰውነት ውስጥ ይቀራል?

መልስ፦ 1) 6 ሥራ 2) 8 ቀን 3) ግማሹ ገደማ