ወደ ዓዜቃ ከመውጣታችን በፊት



በሞአዶን «ወጣ የምንለው መቼ ነው?» ትሉኛላችሁ። «የት እንሂድ?» ስል መልሱ ሁሌ ተራራ ነው። ባሕር የሚል ሰው እስካሁን አላገኘሁም። ስለዚህ በዚህ እትም የአንድ ቀን የእግር ጉዞ እንዴት እንደሚታቀድ አብረን እንይ። ለምሳሌ ዓዜቃን ልውሰድ።

ዓዜቃ ከቤት ሼሜሽ በስተደቡብ፣ በ38 ቁጥር መንገድ አጠገብ፣ በብሪታንያ ፓርክ ደን ውስጥ ያለ ኮረብታ ነው። ከኪርያት ማላኪ ሩቅ አይደለም፤ ከገደራና ከያቭኔም በጠዋት ተነስቶ ከሰዓት በኋላ ቤት መግባት ይቻላል። ከኤላ ሸለቆ ከመቶ ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ አናቱ ሜዳ ነው። ወደ ምሥራቅ የይሁዳ ተራሮች፣ ወደ ምዕራብ የእኛ የባሕር ዳር ሜዳ ይታያል። ሥሩ ያለው ሸለቆ ዳዊት ጎልያድን የገጠመበት ነው፤ መጽሐፈ ሳሙኤል ፍልስጥኤማውያን በሶኮና በዓዜቃ መካከል እንደሰፈሩ ይናገራል። ከ2012 ጀምሮ ደግሞ የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ቦታውን ሲቆፍሩ ጥንታዊ ከተማ እያወጡ ነው።

«ይሄ ለጎንደር ሰው ጉብታ ነው እንጂ ተራራ አይባልም» የሚሉኝ አባት አሉ። እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ያኔ ጉልበቱም ሌላ ነበር፣ መድኃኒትም አልነበረም።

ባለፈው ዓመት በሌላ ጉዞ ላይ እኔ ራሴ ተሳስቻለሁ። መንገዱን፣ ምሳውን፣ አውቶቡሱን ሁሉ አዘጋጅቼ ሰዎቹን ግን አልጠየቅኩም። መንገድ ላይ አንዲት እናት ፊታቸው ተለዋወጠ። «ደህና ነዎት?» አልኳቸው። «ደህና ነኝ ልጄ» አሉኝ። ሦስት ጊዜ ጠየቅኩ፣ ሦስቴም ደህና ነኝ አሉ፤ እኔም መስማት የፈለግኩት እሱን ስለነበር አመንኩ። አራተኛ ሳልጠይቅ ዞሮባቸው ተቀመጡ። በኋላ ሲረጋጉ ነገሩ ወጣ። የደም ግፊት ክኒናቸው ሽንት ያመላልሳቸዋል፤ መጸዳጃ ቤት መኖሩን ስላላወቁ ክኒኑን አልዋጡም፣ ውኃም ከጠዋት ጀምሮ አልጠጡም። ለምን አልነገሩኝም ብላቸው «ሁሉም በእኔ ምክንያት ይመለስ?» አሉኝ።

ይሉኝታ ነው። እኔም ቤቴ ያደግኩበት ስለሆነ አውቀዋለሁ። ለዚህ ነው አሁን ዕቅዱን ከሰው የምጀምረው። ከጉዞው በፊት መጸዳጃው የት እንዳለ፣ የመጨረሻው የት እንደሆነ ለሁሉም እናገራለሁ። መድኃኒታችሁን ግን ለጉዞ ብላችሁ አትተዉ፤ ሰዓቱን መቀየር ይቻል እንደሆነ ከሳምንት በፊት በቁፓት ሆሊም ነርሷን ወይም ሐኪሙን ጠይቁ። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ምን ያህል ውኃ መጠጣት እንዳለበትም እዚያው ይጠይቅ።

ሌላው የምፈራው ጾም ነው። በአምቦበር ሰግድ ሲከበር ቄሶቹ ኦሪቱን ይዘው፣ ሕዝቡ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ሳይበላ ነበር የሚወጣው። ከዚያ ልማድ ይሁን አላውቅም፣ «ተራራ ከሆነማ ቁርስ ይቅር» የሚሉ አሉ። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም አንዳንድ የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው ሳይበላ ዳገት ከወጣ ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። ያልበዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል፣ ንግግሩ ይምታታል። ያን ጊዜ ቁጭ ብሎ ግማሽ ብርጭቆ ጣፋጭ ጭማቂ ወይም በውኃ የተበጠበጠ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር ይጠጣ፤ ሲሻለው ዳቦ ይብላ። ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም አይደረግም፤ 101 ይደወላል። ጭማቂው በየሰው ቦርሳ ይሁን፣ ሚኒባሱ ውስጥ አይቀመጥ።

ጊዜውን በተመለከተ በበጋ ሙቀት አንሞክረውም። የካቲት ጥሩ ነው፤ ለውዙ ያብባል፣ መሬቱ አረንጓዴ ነው። ዝናብ በዘነበ ማግስት ግን ጭቃው ያንሸራትታልና ይለፈን። የምንነሳው በ7:30 ነው፣ በእናንተ አቆጣጠር አንድ ሰዓት ተኩል (ይህን የምጽፈው ባለፈው በሰዓት አቆጣጠር ተለያይተን ስለነበር ነው)። ወጣት በሃያ ደቂቃ የሚወጣውን ዳገት እኛ አንድ ሰዓት እንሰጠዋለን። ፊት የሚሄደው ቀስ ብሎ የሚራመደው ሰው ነው፤ ሌላው ከኋላው ይከተላል። እየሄዱ ማውራት ካቃተዎት ፍጥነቱ በዝቷል ማለት ነው።

ጉልበትን ይበልጥ የሚያመው ቁልቁለቱ ነው። ስለዚህ ከዘራ ያለው ይያዝ፣ እርምጃው አጭር ይሁን። አዲስ ጫማ አይደረግም፣ የለመዳችሁትን አድርጉ። ነጠላው ለፀሐይ ጥሩ ነው፣ ቁልቁለት ላይ ግን እግር ሥር እንዳይገባ ወገብ ላይ ይታሰር።

መመለሻውም አስቀድሞ ይቆረጣል። 10:30 ላይ የደረስንበት ቦታ፣ አናቱ ባይሆንም፣ የዚያ ቀን መጨረሻችን ነው። በመካከል የሚመለስ ካለ ከእሱ ጋር የሚወርድ ሰው ከቤት ሳንወጣ ስሙ ተጽፏል፤ ስለዚህ የተቀረው ቡድን አይመለስም። መውጣት የማይፈልጉም ይምጡ። ከታች ጥላ አለ፣ ቡናውም በፔርሙዝ ከእነሱ ጋር ይቀራል።

ለመመዝገብ ወደ ቢሮ ስትመጡ የመድኃኒታችሁን ዝርዝር ይዛችሁ ኑ። ማንበብ የሚያስቸግር ከሆነ ካርቶኖቹን በከረጢት አምጡልኝ፣ አብረን እንጽፈዋለን።