የእንግዳ እምነትና የምግብ ቤት ንግድ

በአዲስ አበባ ከተማ የእቴጌ ሆቴል ሥራውን ሲጀምር፣ ከቤት ውጭ በገንዘብ ገዝቶ መብላት ለአገሩ ሰው ያልተለመደ ነገር ነበር። ገበያው ስለ ቀዘቀዘም ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ገብተው እንደ በሉና ሒሳቡን ከፍለው ለሕዝቡ ምሳሌ እንደ ሆኑ ይነገራል። በዚያን ጊዜ የጐደለው ምግቡ አልነበረም፤ ልምድና እምነት ነበር። ልምዱ ዛሬ ሞልቷል፤ እምነቱን ግን እያንዳንዱ ቤት ለራሱ በየቀኑ ማግኘት አለበት።

ጨርቅ የሚገዛ ሰው ዕቃውን ዳስሶ፣ ወደ ብርሃን አውጥቶ አይቶ ይከፍላል። ምግብ ቤት የገባ እንግዳ ግን ብዙውን ነገር ሳያይ ይገዛል። ወጡ በምን እንደ ተሠራ፣ መጠጡ በምን ልክ እንደ ተቀዳ፣ ሒሳቡም እንዴት እንደ ተደመረ የሚያውቀው ቤቱ ነው። ስለዚህ በዚህ ንግድ የተሠማራ ሰው ሊማረው የሚገባው ዋና ነገር፣ እንግዳው የማያየውን ሳይጠየቁ ማሳየት ነው። ይህም በሦስት ቦታ ይፈተናል።

1ኛ፤ በማድ ቤት። የጾም ምግብ ያዘዘ እንግዳ የሚጠራጠረው ቅቤ የነካውን ማማሰያ ነው። ሙስሊሙ እንግዳም ሥጋው በማን እንደ ታረደ ማወቅ ይፈልጋል። አስተናጋጁ እንዲህ ያለውን ጥያቄ በግምት መመለስ የለበትም፤ የማያውቀውን ወጥ ቤቷን ጠይቆ እርግጡን ይናገር። የጾሙ ድስትና ማማሰያ የተለዩ እንደ ሆነ፣ መለየታቸው በዋጋው ዝርዝር ላይ ቢጻፍ መልካም ነው። በተሳሳተ መልስ ጾሙን የሻረ ሰው ገንዘቡ ቢመለስለት እንኳ አይካስምና። በዚህ ረገድ የቁርጥ ቤቶች ልማድ ጥሩ አስተማሪ ነው። እንግዳው የተሰቀለውን ሥጋ ራሱ ይመርጣል፤ በዓይኑ ፊትም በኪሎ ይመዘንለታል። ከዚህ በኋላ በሚዛኑ ላይ ክርክር የሚነሣው ከስንት አንድ ጊዜ ነው።

2ኛ፤ በመጠጥ ቤትና በጭፈራ ቤት። ጠርሙስ የሚከፈተው በእንግዳው ፊት ይሁን፤ የሚቀዳውም በዓይን ግምት ሳይሆን በመለኪያ ይሁን። ባዶ ጠርሙስ ወይም ቆርኪው ሒሳቡ እስኪዘጋ ከገበታው ላይ ቢቆይ ለሁለቱም ወገን ምስክር ይሆናል። በጭፈራ ቤት መብራቱ ደካማ፣ ሙዚቃውም ኃይለኛ ስለ ሆነ ትእዛዝ በቀላሉ ይሳሳታል። አስተናጋጁ የታዘዘውን መጠጥና ዋጋውን ደግሞ ይንገር፤ በየዙሩም ወረቀት ይስጥ። የመግቢያ ዋጋ ካለ በበሩ ላይ ይጻፍ። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥ፣ በቤት ውስጥም ሲጋራ ማጨስ የተከለከለ ነው። በረኛው ዕድሜ ሲጠይቅ በትሕትና ይጠይቅ፤ ሰው በልብሱ አይቶ አንዱን አስገብቶ ሌላውን አይከልክል።

3ኛ፤ በሒሳብ ጊዜ። በአገራችን ልማድ ወዳጆቹን የጋበዘ ሰው የሁሉንም ይከፍላል። አንድ ሰው ሦስት ወዳጆቹን ጋብዞ፣ በዋጋው ዝርዝር ላይ እያየ የ2,000 ብር ምግብና መጠጥ አዘዘ እንበል። በኪሱ 2,400 ብር ስላለው ልቡ አርፏል። ነገር ግን በዝርዝሩ ላይ ያለው ዋጋ ታክስ ያልተጨመረበት ነበር። 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ 200 ብር ሲጨመር 2,200 ይሆናል። በዚህ ላይ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ 330 ብር ሲታከል ጠቅላላው 2,530 ብር ይሆናል። ጋባዡ በወዳጆቹ ፊት 130 ብር አነሰው። ቤቱ አንዲት ሳንቲም አልሰረቀም፤ ሆኖም እንግዳው አፍሮ ወጣ። ምግቡ ምንም ያህል ቢጣፍጥ የሚያስታውሰው ያንን እፍረት ነው። ጠቅላላው ዋጋ ከመጀመሪያው በዝርዝሩ ላይ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ ሰውየው ትእዛዙን ቀንሶ በደስታ ይሄድ፣ በሌላ ቀንም ይመለስ ነበር።

እንዲህ ያለው እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ አይጮኽም፤ ባለቤቱንም አያስጠራም። ደረሰኙን አጣጥፎ፣ ጉርሻውን ትቶ፣ ዳግመኛ ሳይመለስ ይቀራል። ባለቤቱ የሚሰማው ወቀሳ ስለሌለ ሁሉ የተስተካከለ ይመስለዋል፤ ገበያው ሲቀንስም ምክንያቱን ከጐረቤት ቤት መከፈት ወይም ከኑሮ ውድነት ይፈልገዋል። ቅር ያለውን የሚናገር እንግዳ ግን ቤቱን ገና አልተወውምና ሊመሰገን ይገባዋል። አስተናጋጁ ከመከራከሩ በፊት እስከ መጨረሻው ይስማው፤ ስሕተቱ የቤቱ ከሆነም እዚያው ይታረም። ዋጋውም ከአስተናጋጁ ደመወዝ አይቆረጥ፤ የሚቆረጥበት አስተናጋጅ በሌላ ቀን ስሕተቱን ይሸሽጋልና።

ባለቤቱም በሳምንት አንድ ጊዜ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት፣ በራሱ ቤት እንደ እንግዳ ይቀመጥ። ከበሩ ጀምሮ ማን እንደ ተቀበለው፣ ትእዛዙ ስንት ደቂቃ እንደ ፈጀ፣ ጥያቄው በእርግጥ ወይም በግምት እንደ ተመለሰ፣ የቀረበለትም ሒሳብ ከዝርዝሩ ጋር እንደ ተስማማ ይመዝግብ። በዚያች ወረቀት ላይ የሚጽፈው፣ ደንበኞቹ ሳይነግሩት የሄዱትን ነው።